የስቅለት እግር

የስቅለት ማግስት እግሩን የማያመው ሀበሻ ፍራንክፈርት ውስጥ የለም። ጀርመኖቹ በሚያከራዩን ቤተክርስቲያን ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተቸነከሩ ስለሆኑ በሁለት ወንበር መሃል ተጨናንቀን ነው የምንሰግደው። ስንነሳ ጉልበታችን ወንበሩን ይመታል፤ ስንወድቅ ግንባራችን ከፊት ያለችው ሴት ተረከዝ ላይ ያርፋል። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላ የለበስን ወጣት ሴቶች የባቡር ጣቢያውን ደረጃ እንደ አሮጊት ብረቱን ይዘን እየተቃሰትን እንወርዳለን። ቅዳሜ ሰው ለሰው ሲደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው «እግርሽስ?» ነው። «አላመመኝም» ያለች ሴት ሰግዳለች ተብላ አትታመንም።

ስለዚህ በዚያ ዓመት የግራ ባቴ ሲያብጥና ሲያቃጥለኝ አልደነገጥኩም። እንዲያውም በልቤ ደስ ብሎኛል። ሙሽራ ነበርኩ። ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ነበር። እግዚአብሔር ስግደቴን ተቀብሎኛል ብዬ አሰብኩ።

የሠርጉን ቀን የቆረጡት ሦስት ወንዶች ናቸው፦ ካህኑ፣ የእጮኛዬ አጎትና በእኔ በኩል እንደ አባት ሆነው የቆሙልኝ ሽማግሌ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ እቆጥር ነበር። ሠርጉ በተክሊል ነው፣ እንቆርባለን፤ ያ እሑድ ግን የወር አበባዬ የሚመጣበት ሰሞን ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ደግሞ የቤተክርስቲያን በር አታልፍም። ቀኑን ገፋ አድርጉልኝ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ለሦስት ወንዶች!

«ሙሽሪትስ ተስማማሽ?» አሉኝ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«እንደ ፈቀዳችሁ» አልኩ።

ሽማግሌውን ጋሼ ነው የምላቸው። ድሮ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዚንድሊንገን ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጀርመንኛ ለማናውቅ አዲስ መጤዎች ሁሉ አስተርጓሚያችን እሳቸው ነበሩ። «ጋሼ፣ ቴርሚን አለኝ» ካልናቸው፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሐኪም ቤትም ይሁን መሥሪያ ቤት ኮፍያቸውን አድርገው ቀድመውን ይደርሳሉ። ቤተክርስቲያን ውስጥ «የቴርሚን አባት» ይሏቸው ነበር፤ ራሳቸውም ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ያለ እሳቸው መንቀሳቀስ አልችልም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፣ ጀርመንኛው አልገባ ብሎኛል። ቢገባኝስ? በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል።

ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት በዕድሜ ከምትበልጠኝ ሴት ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም ኤርፖርት እናጸዳለን። እሷ እንደኔ አይደለችም፤ ያሰበችው ሁሉ አፏ ላይ ነው። ቀን የተቆረጠልኝ ዕለት ገና በር ስከፍት ፊቴን አየችው።

«ምን ሆነሽ ነው? ሙሽራ አይደለሽ እንዴ? ወይስ ሰውዬው ጥሎሽ ሄደ?»

ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች።

«ለዚች ነው ዓይንሽ የቀላው? ቆይ!» መሳቢያዋን ከፍታ ኪኒን የተደረደረበት ካርድ አወጣች። «እኔ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ የልጆች ክርስትናን ሁሉ በዚህ ነው የማልፈው። በየቀኑ አንድ ትውጫለሽ። ካርዱ ሲያልቅ ሳታቋርጪ ሌላውን ትጀምሪያለሽ። ሠርግሽ እስኪያልፍ ድርሽ አይልም።»

«ይሄ የወሊድ መከላከያው አይደል እንዴ?»

«ነዋ! ታዲያ አንቺ ለወሊድ አይደለም የምትወስጂው። ለቁርባን ነው።»

«ሐኪም ሳላይ?»

«ሐኪም ምን ሊያደርግልሽ? መዋጥ ሊያስተምርሽ? ደግሞስ ማንን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ጋሼን?» አለችና እንደ ጋሼ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «ይቺ ድንግል ሙሽራ ፒለ ፈልጋ ነው» አለች። ፒለ ጀርመኖቹ ኪኒኑን የሚጠሩበት ስም ነው። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። በማግስቱ መዋጥ ጀመርኩ።

ሕማማት ገባ። ዓርብ ሰገድን። እኔ ከዚያ በላይ አክፍዬ ነበር፤ ከዓርብ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህልም ውኃም በአፌ አልዞረም። ለሙሽራ ይህ ይገባታል ብዬ ነው። ፋሲካ ዋለ፣ የሌሎቹ እግር ተፍታታ። የእኔ አልተፍታታም። ባቴ ጠንክሮ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። ጫማዬ እንቢ ሲለኝ ጋሼ ራሳቸው አዩኝና «እንዲህ እያነከስሽማ ለተክሊል አትቆሚም» ብለው ሐኪም ጋ ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ትልቅ ሰው ነው፤ ፈጣን። እግሬን ጫን ጫን አደረገው። ጋሼ ስለ ስግደቱ አስረዱት፤ በእጃቸው እያሳዩ፣ ወንበራቸው ላይ ጎንበስ ቀና እያሉ። ሐኪሙ ተገርሞ ሳቀ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ከጥያቄው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ። ፒለ።

ጋሼ ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጠኝ ነው የተመኘሁት። ጋሼ ግን አልዞሩም። ጆሯቸው ቀላ። «ናይን፣ ናይን» አሉ በችኮላ፣ አይደለም ለማለት እጃቸውን እያወዛወዙ። ቀጥለውም እሑድ የማገባ ሙሽራ መሆኔን ነገሩት። ሐኪሙ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቅባትና የሚለጠጥ ፋሻ ታዘዘልኝ። ጡንቻ ነው፣ እግርሽን ሰቅለሽ እረፊ ተባልኩ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ሁለታችንም ቀለል ብሎን ነበር። ጋሼ መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ አወሩልኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ለሠርጉ የተዋስነውን ካባ በትልቅ ከረጢት ይዘው መጡ። የበሩ መጥሪያ ተበላሽቶ ስለነበር ልከፍትላቸው ወረድኩ። ስንወጣ መጀመሪያው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ሁለተኛው ላይ ደረቴን ከጎን እንደ ወስፌ ወጋኝ። ያንን ደረጃ በየቀኑ ዕቃ ተሸክሜ የምወጣው ነኝ። ጋሼ ካባውን እንደታቀፉ ቀድመውኝ ወጥተው ከላይ ቁልቁል አዩኝ።

«ሙሽሪት! ጡረታ የወጣነው ማናችን ነን?»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። አየር አልገባም። የማስታውሰው የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ ከከረጢቱ ወጥቶ በደረጃው ላይ ተዘርግቶ ሲንሸራተት ነው። ጋሼ ጥለውት ወደ እኔ እየሮጡ ነበር። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

ሆስፒታል ስነቃ አፍንጫዬ ላይ አየር ተሰክቷል። አንዲት ወጣት ሴት ሐኪም ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስባ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን ታያለች። ቀኙ የእኔ ነው፤ ግራው የሌላ ሰው ይመስላል። ጋሼ ጥግ ላይ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሐኪሟ ቀና አለችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ፒለ የምትለዋ ቃል መጣች።

ጋሼ እንደ በፊቱ አፋቸውን ከፈቱ። «ናይን—»

«ያ» አልኩ እኔ፤ አዎ ማለቴ ነው።

በዚህ አገር ስኖር ያለ አስተርጓሚ ለሐኪም የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። አልሰሙኝ እንደሆን ብዬ ደገምኩት። «ያ። ፒለ። ያ።»

ጋሼን አላየኋቸውም። ማየት አልቻልኩም። ሐኪሟ ግን ከዚያች ቃል በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። ተጣራች፣ ሰዎች ገቡ፣ አልጋዬ መገፋት ጀመረ። ክንዴ ላይ የሚያሞቅ መድኃኒት ወግተው እንደ ቀለበት ባለ ትልቅ ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ሲያወጡኝ ሆዴ ላይ መርፌ ወጉኝ።

የሆነውን ሐኪሟ በጋሼ አፍ አስረዳችኝ። እግሬ ውስጥ፣ በጥልቁ ደም ሥር፣ ደም ረግቷል። ከላዩ ተቆርሶ በልቤ በኩል አልፎ ሳንባዬ ውስጥ ተወትፏል። መርፌው ደሙ ከዚያ በላይ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ የረጋውን ሰውነቴ ራሱ ቀስ ብሎ ያሟሟዋል።

«ከስግደቱ አይደለም?» አልኩ።

ጋሼ ጠየቁልኝ።

«ስግደት ሁለቱንም እግር ነው የሚያመው ትላለች። ያንቺ ያበጠው አንዱ ብቻ ነው።»

ይህን ሰምቼ ደነዘዝኩ። ያን ሁሉ ቀን ስንት ሰው እግሬን አይቷል። ቤተክርስቲያን ያሉት ሴቶች፣ አብራኝ የምትኖረው፣ ጋሼ፣ እኔ ራሴ። አንዱ ብቻ መሆኑን ያላየ የለም። ማንም ግን ለምን አንዱ ብቻ አላለም።

ሐኪሟ ኪኒኑን መርዝ ነው አላለችም። ብዙ ሴቶች ይወስዱታል፣ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም አለች። ደም የሚረጋባት ጥቂቷ ናት፤ ይበልጥ የሚፈሩትም የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ለዚህ ነው ሐኪም ቀድሞ የሚጠይቀው። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ጀምሬ፣ ውኃ ሳልጠጣ ሰንብቼ፣ ያበጠ እግሬን ፋሻ ጠምጥሜበት ተኛሁ።

በማግስቱ ጋሼ ብቻቸውን መጡ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያን ቀን፣ የመጀመሪያው ሐኪም የጠየቀውን ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ቃሏን ታውቂያት ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ክብር ብዬ ነው። የሰው ልጅ፣ ሙሽራ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በምን አፌ እጠይቃታለሁ ብዬ። አርባ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ!» መነጽራቸውን አወለቁ። «በእኔ ናይን ልትሞቺ ነበር።»

ሽማግሌ ሲያለቅስ አጠገቡ መሆን እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅሁ። የአልጋውን ልብስ እጎትታለሁ። ጥቂት ቆይተው መነጽራቸውን መለሱና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«እጮኛሽ ዛሬ ከማንሃይም ይመጣል። ይጠይቀኛል። ካህኑም ይጠይቁኛል። እኔ አልፈርድብሽም። ግን ምን ልበላቸው?»

ምን እያሰቡ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድምፅ ግን ወጣ።

«ለሠርጉ ነው የወሰድኩት ጋሼ። የቆረጣችሁት ቀን የወር አበባዬ የሚመጣበት ነበር። ለቁርባኑ ብዬ ነው።»

ጋሼ አፈጠጡብኝ።

«እኛ ለቆረጥነው ቀን?»

«አዎ።»

«በአንድ ሳምንት ገፋ ብናደርገውስ ኖሮ?»

«ይበቃኝ ነበር።»

ኮፍያቸው ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ። አላነሱትም።

እጮኛዬ ሲመጣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ አስቀድመው አናገሩት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሚያገለግል፣ እንደኔ ዝምተኛ ሰው ነው። ገብቶ እጄን ያዘ፤ መርፌ የወጋው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። «አልጠየቅከኝም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እስኪመሽም አልሄደም።

አብራኝ የምትኖረው ሴት እያለቀሰች ገባች፣ እያለቀሰችም ትቆጣለች።

«እኔ ስንት ዓመት ዋጥኩት፣ ራሴን እንኳ ሳያመኝ! አንቺ ላይ ምን አገኘ?» ከዚያ በጆሮዬ፣ «ደግሞ መርፌው ከአሳማ አንጀት ነው የሚሠራው አሉ፣ ሰምተሻል?»

ደንግጬ ጋሼን አየሁ። ጋሼ «ካህኑን ልጠይቅልሽ» ብለው ስልካቸውን አወጡ። ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ተዪው፣ ይቺን እንኳ ሳልጠይቅ ልመልስ። መድኃኒት ነው። ተወጊ።»

ሠርጉ ተላለፈ። ከሆስፒታል ወጥቼ በመርፌው ፈንታ ደም የሚያቀጥን ኪኒን መዋጥ ጀመርኩ፤ እግሬ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አለ። ጎመን አንድ ቀን አብዝተሽ ሌላ ቀን አትተዪ፣ ኪኒኑን ያናጋዋል ስባል፣ አብራኝ የምትኖረው ሴት «ታዲያ በጾም ምን ልትበላ ነው፣ ካልሲውን?» አለች። እሷም ካርዷን ይዛ ሐኪም ጋ ሄዳ ነበር። ስትመለስ አልቀለደችም። «ስለ እናቴ፣ ስለ አያቴ ሁሉ ጠየቀችኝ» ነው ያለችኝ።

ለክትትል የሄድኩት ያችው ሴት ሐኪም ጋ ነው። ጋሼ መጡ። ከበሩ ስንገባ «ዛሬ እሷ ያለችውን ሁሉ እላለሁ፣ አንቺም ያልሽውን ሁሉ እላለሁ» አሉኝ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ውጭ ያለውን ዛፍ እያዩ፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ አስተረጎሙ። የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል? ይበዛል? ኪኒኑ ደም ስለሚያቀጥን ሊበዛብሽ ይችላል። ስታገቢ ያለ ሐኪም ምንም እንዳትጀምሪ፤ ለአንቺ የሚሆን ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ። ጆሯቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀች። ምርመራው ደምሽ ከሌላው ሰው ደም ፈጥኖ እንደሚረጋ ያሳያል፣ ይህ ከወላጅ የሚወረስ ነው አለች። እናትሽ በሕይወት አሉ?

«የለችም። ወንድሜን በወለደች ሰሞን ሞተች። እኔም ትምህርቴን ያኔ ነው የተውኩት።»

በምን ሞቱ?

«ምች ነው የመታት። አራስ ሆና ፀሐይ ላይ ወጣች አሉ። ደህና ነበረች፤ ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ ወደቀች።»

ጋሼ ምችን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። «እግራቸው አብጦ ነበር?» አለች።

አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«እህት አለሽ?»

«አለችኝ። ነፍሰ ጡር ናት።»

ጋሼ ይህን ሲተረጉሙ ከመስኮቱ ዞሩ። ሐኪሟ የምትለውን ለመስማት አልቸኮልኩም፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። መከላከያው ኪኒን ብቻ አይደለም። እርግዝናም፣ አራስነትም እንዲህ ያለውን ደም ያረጋዋል።

ዕለቱን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የስልክ ቤት ገባሁ። እህቴ ስልክ የላትም፤ ያነሱት አባቴ ናቸው። አባቴ በልጆቻቸው ፊት ስለ ሴት ነገር ቃል ተናግረው አያውቁም። እናቴ አራስ ቤት ሳለች እንኳ «ያቺ» ነበር የሚሏት።

«ምነው በደህና ነው? ሠርጉ መቼ ሆነ?»

«አባባ፣ ስለ እናቴ ልጠይቅዎት ነው።»

«ስለ እሷ ምን?»

«ስትሞት እግሯ አብጦ ነበር?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከጎኔ ባለው ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው በሌላ ቋንቋ ይጮሃል።

«ማን ነገረሽ?» አሉ አባቴ።

«ማንም። ምክንያት ስላለኝ ነው። እህቴም ሊደርስባት ይችላል።»

«እግሬን አለችኝ» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ከመሞቷ በፊት፣ ጠዋት ላይ። እግሬን እየው አለችኝ። አራስ ናት፣ እኔ ምን ብዬ ልየው? ለሴቶቹ አሳዪ ብያት ወጣሁ።»

እንዳላለቅስ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ ለቀቅሁት፤ መናገር ነበረብኝ። የደረሰብኝን፣ ኪኒኑን፣ ለምን እንደወሰድኩት፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ አንድም ሳላስቀር ለአባቴ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«ነገ ጤና ጣቢያ እኔው ራሴ እወስዳታለሁ» አሉ። «ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።»

ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። አባቴ ከኋላዬ እንደ ተማሪ እየተከተሉ አሉት። በእናቷ በኩል ደም የመርጋት ነገር አለባት። እርግዝና ያባብሰዋል። ከወለደችም በኋላ ይፈራል። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ እግሯ ካበጠ።

«አንዱ ብቻ» አልኩ።

«አንዱ ብቻ» አሉ። «የእሷም የግራው ነበር» አሉኝ።